የአላይ ተራራ ኮራል

ተራራ በወጡ በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደባቸው። ሳይካል ፊቷን እየገረፋት ወደ ገደሉ ጥግ ሮጠች። የባሏ ታላቅ ወንድም ቶክቶሱን እያለከለከ ደረሰና ሁለቱም ከኖራ ድንጋዩ ግድግዳ ሥር ተወሸቁ። ከታች ያለው ወንዝ ባንድ አፍታ ሞልቶ የመጡበትን መንገድ ጠራርጎ ወሰደው።

«የጠፋ በግ ፍለጋ እንኳ እንዲህ አልተንከራተትኩም» አለ ቶክቶሱን፣ ጢሙን እየጨመቀ።

ሳይካል የመንደሩ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ጸደይ ቅጠል የታተመበት ድንጋይ አገኘሁ ብላ ኦሽ ከተማ ወዳለው ሙዚየም ይዛ ሄዳ ነበር። ባለሙያው አይቶ ሳቀ። ቅጠል ሳይሆን በስንጥቁ የሰረገ ማዕድን የሣለው ዝንጣፊ መሆኑን ነገራት፤ የእውነተኛው ቅሪተ አካል ቅርጽ ግን ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን ወደ ድንጋዩ ውስጥም እንደሚዘልቅ አስረዳት። በሃምሳ አራት ዓመቷ እውነተኛ ቅሪተ አካል ፍለጋ ተራራ ያስወጣት ያ ሳቅ ነው። እስካሁን ያገኘችው ግን ስንቃቸውን የበተነ ድብ ብቻ ነበር፤ የቀራቸው አንድ ኪስ ኩሩት የሚሉት የደረቀ አይብ ነው።

በረዶው ሲያባራ ቀና አለች። አመድ ይመስል የነበረው ግድግዳ በውሃ ርሶ ጠቁሯል። በላዩ ነጫጭ ጉድጓዶች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው ታዩ። አልቸኮለችም። በተሰበረው ጎን በኩል ዞራ አየች፤ ጉድጓዶቹ እንደ ቱቦ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ።

ይህን ጊዜ ማማት ከላይ በገመድ ወረደ። ድንጋይ ለቱሪስት የሚሸጥ የጎረቤት መንደር ሰው ነው፤ ሁለት ቀን ዱካቸውን ሲከተል ከርሟል።

«እትዬ ሳይካል፣ ስላገኘሽልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ዞር በይ።»

ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ መዶሻውን አነሣ። በሦስተኛው ምት ግድግዳው ተሰነጠቀና የቆመበት ጠርዝ ከእግሩ ሥር ተናደ። ሳይካል በደረቷ ተወርውራ ቀበቶውን ያዘች፤ ቶክቶሱን እግሯን ያዘ። መዶሻው ወንዙ ውስጥ ገባ። ማማትን እየጎተቱ አወጡት።

ሳይካል ኩሩት ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበላት።

«ለመሆኑ ምንድን ነው?» አላት፣ ግድግዳውን እያየ።

«ኮራል። የባሕር እንስሳ ነው፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይኖር ነበር።»

«እዚህ ተራራ ላይ?»

«እዚሁ። ያኔ ባሕር ነበር።»

በማማት ገመድ ተራ በተራ ወጡ። ግድግዳውን ማንም ዳግም አልነካውም፤ ሳይካል የያዘችው ከፍርስራሹ የለቀመችውን አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ኦሽ ሄደች። ይህ ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ኮራል ማምጣቷን ለዚያው ለሳቀባት ባለሙያ ነገረችው፤ የተገኘበትንም ቦታ ካርታው ላይ በጣቷ አሳየችው። ባለሙያው አጉሊ መነጽሩን አንሥቶ ድንጋዩን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ እንድትቀመጥ ወንበር ሳበላት።