አራት ጣት እጥፋት

ሽማግሌው ንጉሥ ባረፉ በዓመቱ፣ በክረምት መግቢያ፣ የዘመቻ አዋጅ በከተማው አደባባይ ተነበበ፤ በማግስቱም ከወንዙ ማዶ ካለው ግምጃ ቤት ለዘማቾች ልብስ የሚሆን ግራጫ ጨርቅ በጋሪ ተጭኖ ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ወረደ።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። እሷንና ታናሽ ወንድሟን ያሳደጉ አያታቸው ነበሩ፤ ሙያውንም፣ ቤቱንም፣ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናም ያወረሷት እሳቸው ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት ቢያልፍም የመኪናው መዘውር እሳቸው ይይዙት በነበረው በኩል ቀለሙ ለቆ ነበርና፣ ማለዳ ማለዳ ሥራ ከመጀመሯ በፊት እዚያች ላይ እጇን ታሳርፋለች። ትናፍቃቸዋለች፤ ሌላ ምን ይባላል!

አሮጊቷን ሰፈሩ «እማማ እጥፌ» ይላቸው ነበር። በእጅጌና በሱሪ ጫፍ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ካልሰፉ ልብስ የሰፉ አይመስላቸውም፤ ልጅ ሲያድግ እጥፋቱ ተፈትቶ ይረዝማል። ይህስ ለልጅ ነው፤ እሳቸው ግን ለሽማግሌም ያጥፋሉ። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ግንበኛው፣

«እማማ፣ እኔ እኮ ሰባ ሞላኝ! ከእንግዲህ የማድገው ወዴት ነው?» ቢሏቸው፣

«እኔ የማውቀው የዛሬውን አንተን ነው፤ የነገውን በምን አውቄ ነው በልኩ የምቆርጥ?» ብለው ሳቁ።

ለልጅ ልጃቸው ግን ሳይስቁ የነገሯት ነበር። «ልጄ፣ ለገዛ ሥጋሽ ብቻ ካጠፍሽ ስስት ነው። ለባዳው ስታጥፊ ነው ፍቅር የሚሆነው።»

ከዘማቾቹ አንዱ ያ ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ዕድሜው አሥራ ሰባት። ሊለኩ የመጡት አብዛኞቹም እኩዮቹ ነበሩ፤ ጢም የሚባል ነገር ገና አልጎበኛቸውም። ልብስ ሰፊዋ የሁሉንም እጅጌና ሱሪ አራት ጣት አጠፈች።

የግምጃ ቤቱ ሹም የሆኑ ሻለቃ ሊመረምሩ መጥተው አንዱን እጅጌ ገለበጡ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ትርፍ?»

«ልጆች ናቸው ጌታዬ፤ ያድጋሉ።»

«ጦርነት እኮ ነው እመቤት! ማን ሊያድግበት?» አሉ ሻለቃው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ የቸኮሉ ሰው ነበሩ። «እስከ ነገ ጠዋት ሁሉም ተቆርጦ ይጠብቀኝ፤ አለዚያ መኪናሽ ይወረሳል።» በሩ ላይ ደርሰው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የወንድምሽን ተዪው። እሱን አላየሁም።»

ቀኑን ሙሉ መቀሱን ስታነሳ፣ ስታስቀምጥ ዋለች። የወንድሟ ተርፎላት መኪናውም ሊቀርላት ነው፤ እሰየው የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን መዘውሩን ባየች ቁጥር የአያቷ «ለባዳው» ትዝ ይላታል፤ አንድም እጅጌ አልቆረጠች።

ጠዋት ሻለቃው ቃላቸውን አላጠፉም፤ ሁለት ወታደሮች መኪናውን አውጥተው ጋሪ ላይ ጫኑት። ሠራዊቱ የሚነሳው ያን ዕለት በመሆኑ ልብሱን ለመቁረጥ ጊዜ አልተገኘም፤ እንዳለ ታደለ።

«እማማ፣ መኪናዎን አስወሰድኩ» እያለች በጋሪው ኋላ አለቀሰች።

«አይዞሽ እቴ፤» አላት ወንድሟ፣ እጅጌውን እየጎተተ። «ስመለስ ሌላ እገዛልሻለሁ።»

በሦስተኛው ዓመት ዕርቅ ሆነ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግራጫ ኮት የለበሰ ረጅም ወጣት በሩ ላይ ቆመ፤ ልቧ ዘለለ፤ ወንድሟ ግን አልነበረም። የኮቱ እጅጌ አንጓው ድረስ ደርሷል፤ ጫፉ ላይ ፀሐይ ያልነካው አራት ጣት ጨርቅ ጠቆር ብሎ ይታያል።

«በሁለተኛው ክረምት ልብሱ ለሁላችንም አጠረን፤» አላት ወጣቱ። «እጥፋት እንዳለው የነገረን ወንድምዎ ነው። ተራ በተራ እየፈታ ሰፋልን። የራሱን ከሁላችን በኋላ ሊያደርግ ነበር…» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ሳይፈታው ቀረ።»

ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን ይዛ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ጠማማ ነው፤» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «መቼ ቀጥ አድርጎ ሰፍቶ ያውቃል! ና፣ ግባ፤ ላስተካክልልህ።»

«አይሆንም፤» አለ ወጣቱ፣ እጁን ሳብ አድርጎ። «እሱ የሰፋው ነው። እንዲሁ ይሁን።»

መኪናው አልተመለሰም፤ እሷም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ለመጣው ሁሉ በእጅ መርፌ አራት ጣት እያጠፈች ኖረች። የዘመቻው ታሪክ ተጽፏል፤ ሻለቃውም ስለ ትጋታቸው ተመስግነውበታል፤ እማማ እጥፌን ግን የሚያውቅ ገጽ የለም። ስለ ልብሱ ጸሐፊው ያሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ለዘማቹ ሁሉ በልኩ የተሰፋ ልብስ ታደለ» ይላል።

በልኩስ አልነበረም፤ አራት ጣት ይተርፍ ነበር።