ያልታሰረ አይፈታም

ቸነፈሩ ከወደብ ተነሥቶ የነጋዴውን መንገድ ተከትሎ በወጣበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ ብርዱ በበረታበት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ የከተማይቱ ገዥ ሦስቱን በሮች በድንጋይ አስደፍኖ አንዱን ብቻ አስቀረ፤ አዋጅም አስነገረ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚያንኳኳ ሁሉ ስሙንና የመጣበትን ይናገር፤ የከተማይቱ ተወላጅ ከሆነ ከበሩ አጠገብ ባለው የድንጋይ ቤት ለብቻው ይቆይ፤ ስሙን ያልተናገረ ግን አይከፈትለት፤ የከፈተም በሞት ይቀጣ ተባለ።

የዚያ በር ጠባቂ ቁም ነገረኛ ሰው ነበረ። ሚስቱ በወሊድ ስለሞተችበት፣ ከበሩ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ከእናቱና ጡት ከጣለች ሴት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንዲሉ፣ ታናሽ ወንድሙ ኮርቻ ሰፊው ደግሞ ቀልድ ካልተናገረ እህል የማይወርድለት ዓይነት ነበረ፤ ኮርቻውን ይዞ ከገበያ ገበያ ይዞራል፤ ወደ ቤት ሲመለስም በር አንኳኩቶ ማነው ሲሉት «እኔ ነኝ» እንጂ ሌላ መልስ አያውቅም። ደግሞስ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ስሙን የሚናገር ማን አለ?

አንድ ቀን ማታ፣ በሩ በተዘጋ በጥቂት ጊዜ፣ ገና ብርሃኑ ጨርሶ ሳይጠፋ፣ አንድ ሰው አንኳኳ።

«ማነህ?» አለ በረኛው።

«እኔ ነኝ።»

በረኛው ድምፁን ለየ፤ እጁም ወደ መወርወሪያው ሄደ። ወዲያው ግን ወንድሙ የሄደበት ገበያ በሽታው የገባበት መሆኑን አስታወሰ፤ የድንጋዩ ቤት ግድግዳ ልጁ ከምትተኛበት ክፍል ጋር የተያያዘ መሆኑንም አሰበ። በዚህ መካከል ውጭ ያለው ሰው አሳለው። በረኛው እጁን መለሰ።

«እኔ ነኝ የሚባል ሰው አላውቅም፤ ስምህን ተናገር» አለ።

ኮርቻ ሰፊው ሳቀ፤ ጣቶቹ በብርድ መደንዘዛቸውን ነግሮ ቀልዱን እንዲተውለት ለመነው። በረኛው ያንኑ ቃል ደገመለት፤ በልቡም ስሙን ባይናገር ተመኘ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀልድ የኖረ ሰው ሌላው የማይቀልድበትን ጊዜ ያውቃልና ሳቁ ቆመ።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ፤ ኮቴውም ራቀ። ኮርቶ ይሁን ለወንድሙ አዝኖ፣ ስሙን ለምን እንዳልተናገረ የሚያውቅ የለም።

በማግሥቱ ጧት እንጨት ቆራጮች ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኙት። ገላው ላይ የቸነፈር እብጠት አልነበረም፤ የገደለው ውርጭ ነው። ቸነፈሩም ወደ ከተማይቱ ሳይገባ አለፈ፤ ገዥው በረኛውን ካባ አልብሶ የበር አለቃ ብሎ ሾመው፤ ገበያተኛውም ወንድሙን እንኳ ለሕግ የሠዋ ጀግና እያለ እጅ ይነሣው ጀመር። እሱ ግን ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር ያን ድምፅ ይሰማል፤ ቁጣም እንባም የሌለበት፣ እንደ ወትሮው ያለ «እኔ ነኝ»። ተንደርድሮ ይከፍታል፤ ማንም የለም። ዘበኞቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ እነሱም ፈሩ።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ቄስ ሄዶ የሆነውን ሁሉ ተናዘዘ። ቄሱ ሟቹ ስሙን ተናግሮ እንደሆነ ጠየቁት፤ አልተናገረም አለ። አዋጁ ምን እንደሚል ጠየቁት፤ ነገራቸው።

«እንግዲያው ያለብህ ሐዘን ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም» አሉት። «ከምኑ ልፍታህ? ያልታሰረ አይፈታም፤ ልጄ። በል ሂድና ቁረብ።»

ቄሱ ይህን ያሉት ከደግነት ነው፤ ደግነታቸው ግን ከቁጣ ይልቅ ጎዳው። ኃጢአት ከሌለበት ይቅርታም የለውማ፤ ክርስቶስ የሞተው ለበደለኞች ከሆነ እሱን ከየትኛው ወገን ሊቆጥሩት ነው? ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ ሲቀደስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ይቆማል እንጂ አይገባም፤ ሰዉም ትሕትናው ነው እያለ ያደንቀዋል።

ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ጧት እናቱ ቅዳሴውን አቋርጣ ወጣችና አጠገቡ ቆመች። ልጇ ከተቀበረ ጀምሮ ሆድ ይፍጀው ብላ አንድ ቃል ያልወጣት ሴት ናት።

«ሰምቼው ነበር» አለችው።

«ማንን፣ እማዬ?»

«እኔ ነኝ ሲልህ። ልጅህን አቅፌ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። ስሙን ጠርቼ ብጮኽ ትከፍትለት ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ፣ አልጠራሁትም።»

በረኛው ፊቱን ወደ እናቱ መለሰ።

«ኃጢአት ነው፣ ልጄ» አለች። «አይደለም የሚልህን አትስማ። የሁለታችንም ነው።»

ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ገና ማልቀሱ ነበር። እናቱ እጁን ይዛ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆየችና ወደ ቄሱ ወሰደችው።

«አባ፣ ታስረናል» አለቻቸው። «የገዥውን አዋጅ ይተዉትና ይፍቱን።»

ሽማግሌው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የእናቲቱን ፊት አይተው ተዉት። አንበርክከዋቸው እጃቸውን በሁለቱም ራስ ላይ ጫኑ፤ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። እናትና ልጅ በሚቀጥለው እሑድ አብረው ቆረቡ።

ድምፁ ግን አልቀረም። ይቅርታ ያገኘ ሰው ሁሉ ያረፈ የሚመስለው ሞኝ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይመጣል፤ በረኛው በሩን ከፍቶ ባዶውን መንገድ ያያል፤ እናቱም ከላይ ሆና የልጇን ስም ትጠራለች። እስክትሞት ድረስ እንዲህ አደረጉ።

የከተማይቱን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት የገዥውን ብልኅነትና የበሩን መጽናት አመስግነዋል። በዚያ ዓመት ከከተማይቱ ልጆች በቸነፈር የሞተ አንድም ሰው የለም ይላል ጽሑፋቸው። እውነታቸውን ነው፤ ኮርቻ ሰፊው የሞተው በብርድ ነው።