አንድ ጣት ያጠረው ጣውላ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው፤ እኔ የምጽፈው የሆነውን ብቻ ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አሌክሳንድርያ፣ ጥንታዊ መኪና የምናድስበት ሾፕ ውስጥ።

የዚያ ዘመን መኪና ከቆርቆሮው በታች አጥንቱ እንጨት ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ከሚሺጋን ጫካ ተቆርጦ፣ ለመኪና ፋብሪካ ከተሰነጠቀው አንድ ጣውላ ብቻ እጃችን ገብቶ ነበር። ለበሩ ቋሚ።

አለቃችን አቶ አያሌው ጡረታ ሊወጡ ነው።

«ይህን ቋሚ የሚያቆም ሾፑን ይረከባል» አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ጣውላውን ግን ለሊባኖስ ሰጡት። እዚሁ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተወለደው፣ ከእኛ ጋር ስድስት ወር ላልሞላው ለሊባኖስ።

«አንተ ለክተህ መቁረጫውን አስምርለት» አሉኝ።

በእኛ ሾፕ ታላቅ ያሰመረውን ታናሽ እንደገና አይለካም። ነውር ነው።

አንድ ጣት አሳጥሬ አሰመርኩ።

«ጋሼ... አር ዩ ሹር?»

«እጄን ነው የምትጠራጠረው?»

«ኖ፣ ኖ... ሶሪ ጋሼ።»

ቆረጠ።

መጀመሪያ ሽታው መጣ... አሁን የተገነደሰ ዛፍ ሽታ። ከመጋዙ ጥርስ ወፍራም ፈሳሽ ተንጠባጠበ።

አቶ አያሌው ቋሚውን ገጠሙት።

ልክ ገባ።

«እሰይ! እጅህ ይባረክ» አሉ። ሊባኖስን።

ሁሉም ሲወጡ ለካሁት። ያሳጠርኩት ጣት ተመልሷል።

ሰኞ ሌላ ጣት ጨመረ... የመኪናው ጣሪያ ጎበጠ።

መዳፌን ቋሚው ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሊባኖስ አሳረፈ።

«ይሞቃል» አለ በሹክሹክታ። «ጋሼ... እየተነፈሰ ነው።»

«ለእኔ ለምን አይሞቅም?»

ከፍርሃቴ በፊት ይህን መጠየቄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ረቡዕ ከምሳ ስንመለስ ሊባኖስ የለም። የመኪናው በር ተዘግቷል። የበሩ ክፍተት ጠፍቶ በቦታው ቅርፊት በቅሏል።

«ሊባኖስ!»

«ጋሼ...» ድምፁ ከውስጥ ነው። «አትክፈተው። ደስ ይላል።»

አቶ አያሌው አማተቡ። የሾፑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሩ ሥር አኖሩለት... ወጡም።

አሁንም ለእሱ!

መጥረቢያ አነሳሁ። ላወጣው ይሁን በቦታው ልገባ፣ እስካሁን አላውቅም።

በመኪናው መስኮት አየሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሏል።

ከገዛ ደረቱ ጉልበቱ ላይ ትኩስ ሰጋቱራ ይዘንባል...

የሚሰነጥቀው መጋዝ ግን የለም።