የተሰረዙት አሥራ አንድ ነጥቦች

በከተማው የውኃ ምርመራ ቤት አንድ የቆየ ልማድ ነበር። በየሦስት ወሩ ሪፖርት ሲወጣ ግራፉ መጀመሪያ «ይጸዳል»። ከመስመሩ ርቆ የወደቀ ነጥብ ሁሉ የመሣሪያ ስህተት ተብሎ ይሰረዛል። መሣሪያ አፍ የለው፣ አይከራከር፤ ነገሩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነበር። የልማዱ አባት ዋና ኬሚስቱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ በእጃቸው ጥንቃቄ የሚኮሩ ሰው ነበሩ።

በዚያ ዓመት ከምሥራቁ የውኃ ማጠራቀሚያ አጠገብ ባለው መዋለ ሕፃናት ልጆች በተቅማጥ ደጋግመው ታመሙ። የከተማው ምክር ቤት ጥፋቱ የውኃው መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ዋና ኬሚስቱ «ውኃው ንጹሕ ነው» የሚለውን የዓመቱን ሪፖርት ሊፈርሙ ሲሉ የመረጃ ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ገባች።

«ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንዴ ይዩልኝ።»

«ምንድን ነው ደግሞ?»

«ግራፍ ነው፤ ግን ሲጠይቁት ይመልሳል። ነጥቡ ላይ ጠቋሚውን ሲያሳርፉ ቀኑን፣ ቦታውንና የለካውን ሰው ያወጣልዎታል። አንድም ነጥብ አልሰረዝኩም።»

ዋና ኬሚስቱ ሳቁ። «የልጆች ጨዋታ! ከሦስት ሺህ ውስጥ አሥራ አንድ ነጥብ ቢያፈነግጥ ምን ይደንቃል? ያልሠለጠነ እጅ ለክቶት ይሆናል።»

«እንግዲያው የማን እጅ እንደሆነ ራስዎ ይዩት።»

የመጀመሪያውን ነኩ። ክሎሪኑ ከሚገባው በታች፤ ሰኞ ጠዋት፤ የምሥራቁ ማጠራቀሚያ፤ የለካው፦ ዋና ኬሚስት። ሁለተኛውም እንደዚያው። አሥራ አንዱም ሰኞ፣ አሥራ አንዱም እሳቸው። ሰኞ ሰኞ ወደ ሥራ ሲመጡ በዚያ በኩል ስለሚያልፉ ናሙናውን ራሳቸው ይወስዱ ነበር።

«እኔ ውኃ ለክቼ ተሳስቼ አላውቅም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ ጋሼ። ስለዚህ የተበላሸው ውኃው ነው።»

ወደ ማጠራቀሚያው ስልክ ተደወለ። ክሎሪን የሚጨምረው ተረኛ አሥራ አንድ እሑድ አልገባም ነበር፤ ምትክም አልተመደበም።

ከሰዓት በኋላ ዋና ኬሚስቱ ያልተፈረመውን ሪፖርት ትተው ግራፉን ለምክር ቤቱ በትልቅ ስክሪን ከፈቱ።

«እነዚህን ነጥቦች እስከ ዛሬ ማን ደበቀብን?» አሉ ሰብሳቢዋ ቆጣ ብለው።

«እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ለክቼ በገዛ እጄ ሰረዝኳቸው። ያገኘቻቸው እሷ ናት። ተነሺ ልጄ፣ ይዩሽ!»

አዳራሹ አጨበጨበላት። በዚያው ሳምንት ለእሑድ ምትክ ተረኛ ተመደበ፤ የልጆቹም ሕመም ቆመ።

ያልጣመንን ቁጥር መሰረዝ ለሁላችንም ቀላል ነው። ቁጥሩ ግን የሰው ልጅ ጤና ነውና፣ ከመሰረዛችን በፊት ከየት እንደመጣ እንጠይቀው። ያ ግራፍ ዛሬ በምርመራ ቤቱ መግቢያ ላይ አንድም ነጥብ ሳይጎድልበት ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ዋና ኬሚስቱ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ታችኞቹ ነጥቦች ይጠቁማሉ፤ «እነዚህ አሥራ አንዱ የኔ ናቸው፤ ልክ ናቸው» ይላሉ።