በአደባባዩ በኩል

«እትዬ፣ ከዚህ ወርጄ በእግሬ ብሄድ እቀድማችኋለሁ» አለ እንቅልፌ ከኋላ ወንበር።

እንቅልፌ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ስሙን ያወጡለት በየጠዋቱ የትራሱ ሰንበር ጉንጩ ላይ እንደታተመ ስለሚሳፈር ነው። ዛሬ እሱ እንኳ ነቅቷል። ሚኒባሱ አደባባዩ አፍ ላይ ከቆመ ዘጠኝ ደቂቃ አልፎታል። ሌሎቹ ስድስት ልጆች ሳቁ። መሪውን የያዘችው የሚጣ እናት ግን አልሳቀችም፤ ከፊቷ የተገተረውን የአሸዋ መኪና ትክ ብላ ታያለች።

ጋቢና የተቀመጠችው ሚጣ ስልኳን አየችና ጭኗ ላይ ባለው ደብተር «2፡06» ብላ ጻፈች። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ እናቷን በቁመት በልጣም፣ ቤት ውስጥ አሁንም ሚጣ ናት። ትምህርት የሚጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ሰርቪሱ የአባቷ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰፈሩን ልጆች ሲያመላልስ ኖሮ ከአምስት ወር በፊት ሞተ። እናቷ የልብስ ስፌቷን ትታ መሪውን ያዘች። ወንበሩን ወደ ፊት ከማስጠጋት በቀር አንድም ነገር አልለወጠችም። ልጆቹን የምታነሳው እሱ ባነሳበት ተራ ነው፤ የምትታጠፈውም እሱ በታጠፈበት። ዘንድሮ ግን አደባባዩን መኪና ሞላው፤ እሱ የተወላት ሰዓት አልበቃ አላት።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ጠበቋቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በአባቷ ቀብር ላይ ሲያለቅሱ ሚጣ አይታቸዋለች። እናቷን ወደ ጎን ጠርተው፣ ወላጆች ማጉረምረም መጀመራቸውን፣ በመጪው ሳምንት አንድ ቀን እንኳ ካረፈዱ ልጆቹ ለሌላ ሰርቪስ እንደሚሰጡ በዝግታ ነገሯት። እናቷ «እሺ፣ እሺ ጋሼ» ብቻ አለች።

ማምሻውን እናቷ ሳህን ስታጥብ ሚጣ ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትመዘግብ ነበር። ከእንቅልፌ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በአደባባዩ በኩል ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ደግሞ በእግሯ ወርዳ ለክታዋለች፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ መኪና አራትም አይፈጅበት። ሌላም ቆጥራለች፦ መሀል ከተማ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው ዞረው ለመመለስ ብቻ አደባባዩ ውስጥ የሚገቡ ዘጠኝ ሰርቪሶች።

«መንገዱን ከሚዘጉት አንዱ የእኛ መኪና ነው፣ እማዬ» አለች።

እናቷ አንዴ ያጠበችውን ሳህን ደግማ አጠበች። «አባትሽ መንገድ የማያውቅ መሰለሽ?»

«ያውቃል። ለዚህ እኮ ነው ያልገባኝ። አራት ደቂቃ እያለ ለምን በዚያ ይዞራል?»

እናቷ እጇን አደራረቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ሚጣ ፈጽሞ የማታስታውሰውን ነገር ነገረቻት። መዋዕለ ሕፃናት የገባች ሰሞን አባቷ በቁልቁለቱ ነበር የሚነዳው። በየጠዋቱ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ያስመልሳት ነበር። በሦስተኛው ቀን እጅጌው ላይ አስመለሰችበት፤ በአራተኛው ቀን መኪና አልገባም ብላ የበሩን መዝጊያ ይዛ አለቀሰች። እሱም ሌላ መንገድ አለ ብሎ አባበላት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በአደባባዩ ሆነ።

«እንዴ፣ ሼም ነው» አለች ሚጣ ፊቷን በደብተሯ ሸፍና። ቀጥላም «ታዲያ ሲለቀኝ ለምን አልተመለሰም?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ» አለች እናቷ። «‹በአራት ደቂቃ ውስጥ ምን ታወራልኛለች?› አለኝ።»

ሚጣ ደብተሩን ከፊቷ አወረደች። የክፍልፋይ ሒሳብ የገባት እዚያ አደባባይ ላይ፣ ከፊታቸው የቆሙትን መኪናዎች ለሦስት ሲከፋፍልላት ነው። ከልብ ጓደኛዋ የተጣላች ጊዜም መጀመሪያ የነገረችው እዚያው ቆመው ነው። ከኋላ አንዱ ክላክስ ሲያንባርቅባቸው አባቷ «ተይው፣ የሚያወራው ሰው አጥቶ ነው» ይል ነበር።

«መንገዱ የወጣው ላንቺ ነው» አለች እናቷ እየተነሳች። «እኔ አልነካውም። አንቺ ወስኚ፣ እናቴ።»

ቅዳሜና እሁድ ስለ መንገድ ያነሳ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት እንቅልፌ የመጨረሻው ሆኖ ተሳፈረ፤ ወዲያው አንገቱ ተደፋ። መገንጠያው ላይ ሲደርሱ እናቷ ፍጥነቷን ቀነሰች። ግራው ወደ አደባባዩ ነው፣ ቀኙ ወደ ቁልቁለቱ። ፍሬቻ አላበራችም፤ ልጇን አየቻት።

ሚጣ ወደ ግራ ተመለከተች። የመኪናው ሰልፍ ጫፍ ከሩቅ ይታያል። እዚያ ብትገባ ሃያ ሁለት ደቂቃ ከአባቷ ጋር ታወራበት በነበረው ቦታ ትቀመጣለች። ከኋላዋ ሰባት ልጆች አሉ። ከጎኗ ደግሞ፣ አምስት ወር ሙሉ በሰው መንገድ ስትነዳ አንድም ቀን ያልተነጫነጨች ሴት።

«በቁልቁለቱ» አለች።

ሚኒባሱ ድንጋይ ንጣፉ ላይ መንገጫገጭ ሲጀምር ልጆቹ በደስታ ጮኹ። እንቅልፌ ነቅቶ «የት ነው የምንሄደው?» እያለ ጎረቤቱን ያዘ። ሚጣ ለማንም ሳትናገር የያዘችውን ፌስታል ኪሷ ውስጥ ጨበጠች። አንደኛው መታጠፊያ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ሆዷ ምንም አላለም። ምንም አለማለቱ ትንሽ አስከፋት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ ገና ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። ዘበኛው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሚኒባሱን አዩ፣ ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ልጆቹ እየተጋፉ ወረዱ። እናትና ልጅ ጋቢና ውስጥ ቀሩ። እናቷ ሞተሩን አጥፍታ ትከሻዋን ለቀቀች፤ ሚጣ እንዲህ ሆና ካየቻት ቆይታለች።

«ቅዳሜ መኪናውን ልናሳጥብ እንሄዳለን አይደል?» አለች ሚጣ።

«አዎ፣ ምነው?»

«ልጆቹ የሉም። የሚያስቸኩለን የለም። በአደባባዩ በኩል እንሂድ።»

«ቅዳሜ እኮ ገበያተኛው ተጨምሮበት ይብሳል። አንድ ሰዓት ልንቆም እንችላለን።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ፤ ቦርሳዋን አንግታ ወረደች።