ከቃታው በኋላ ያለው ደቂቃ

በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መካከል፣ ጠጠሩ ተዝቆ ያለቀ አንድ ጉድጓድ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ተኩስ ይሰማል። ጠብም አደንም የለም። ከከሰል ማዕድን ጡረታ የወጡ ሰዎች ያረጁ የጦር ጠመንጃዎቻቸውን ይዘው ይመጡና በወረቀት ዒላማ ይፎካከራሉ፤ ሲበቃቸው ባቄላቸውን በበቆሎ ዳቦ እየበሉ ይተራረባሉ።

ጥይቱም እንደነሱ ጡረተኛ ነው። አንድ የባሕር ማዶ ጦር ዕድሜ ልኩን በመጋዘን አስቀምጦ በኋላ በርካሽ የቸበቸበው ነው። ከየሳጥኑ አንዳንድ ሰነፍ ጥይት አይጠፋም፤ ቃታው ሲሳብ «ቀጭ» ይልና ዝም ይላል። ያኔ መደረግ ያለበትን ሁሉም ያውቃል፦ አፈሙዙን ወደ ጉድጓዱ የአፈር ግድግዳ እንዳዞሩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መጠበቅ ነው። ባሩዱ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ከሆነ ዘግይቶ ይፈነዳልና።

የቅዳሜ ሰዎች ግን የራሳቸውን ልማድ አበጅተው ነበር። «ቀጭ» ካለ የመዝጊያውን እጀታ ብድግ አድርጎ መመለስና ቃታውን እንደገና መሳብ ነው። አብዛኛው ጥይት በሁለተኛው ምት ይተኩሳል። ችግሩ፣ በነዚያ ጠመንጃዎች እጀታውን ማንሳት ማለት ጥይቱ ያለበትን ቤት በር በተኳሹ ፊት መክፈት ነው።

ልማዱን ያመጣው ሮይስ ነበር። ሮይስ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እሱ የቀረበት ቅዳሜ ቅዳሜ አይባልም። ይህን ሞገሱን ደግሞ አሳምሮ ያውቀዋል። በጉድጓዱ ውስጥ ደቂቃውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም የሮይስ ሚስት የኦፓል ወንድም ኦርቪል ነው። ኦርቪል ግራ ዓይኑን በወጣትነቱ ማዕድን ውስጥ የድንጋይ ፍንጣሪ ወስዶበታል። የቀረችው አንዷ ናት።

በዚያ ቅዳሜ የኦርቪል ጠመንጃ «ቀጭ» አለ። ኦርቪል እንደ ልማዱ ጸጥ ብሎ ይጠብቅ ጀመር።

«ምነው አማቼ፣ ጸሎት ላይ ነህ?» አለ ሮይስ ከኋላው።

«ደቂቃው ይሙላ።»

«እስኪሞላ ባቄላው ቀዘቀዘ እኮ። ጥይት ነው ወይስ እንቁላል የታቀፍከው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ኦርቪልም ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። በዚህ ዕድሜው በእኩዮቹ ፊት ፈሪ መባል ከበደው። እጁን ሰደደና እጀታውን አነሳ። ጥይቱ ያን ጊዜ ፈነዳ።

ያደረገው መነጽር ብዙውን ፍንጣሪ መለሰለት። አንዲት የናስ ስባሪ ግን ከጎን ሾልካ የቀረችው ዓይኑ ውስጥ ገባች። ሮይስ አማቹን በመኪናው ጭኖ ወደ ሐኪም ቤት ሲበር፣ ኦርቪል ፊቱን በፎጣ እንደሸፈነ አንድ ጥያቄ ብቻ ይደጋግም ነበር፦ «መሽቷል እንዴ?» ገና እኩለ ቀን ነበር።

ሐኪሞቹ ዓይኑን ከመውጣት አተረፉት፤ ብርሃን ከጥላ ይለያል፤ የሰው መልክ ግን አይለይም። ሮይስ ቤቱ ሲመለስ ኦፓል ወጥ ቤት ቆማ ጠበቀችው።

«የጥይቱ ነገር ነው» አላት። «አሮጌ ዕቃ አይታመንም።»

«ጥይቱን ተወው። ሲጠብቅ ምን አልከው?»

«ቀልድ ነው እንጂ ምን እላለሁ?»

«ወንድሜ በአንድ ዓይኑ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው ተጠንቅቆ ነው። እናንተ ጥንቃቄውን አሳፈራችሁበት።»

ሮይስን ሰው ሁሉ «አደጋ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» ይለው ስለነበር በዚያ ተሸሽጎ ሊኖር ይችል ነበር። እንቅልፍ ግን እምቢ አለው። በመጨረሻ ኦርቪል ዘንድ ሄዶ ከአጠገቡ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ ያስቸኮልኩህ» አለ።

ኦርቪል ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ። «እጀታውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሳቃችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ሁለቱም እውነት ነው።» ቀጥሎም፣ «ቅዳሜ ውሰደኝ። እቤት መቀመጥ ሰለቸኝ» አለው።

ወገኖቼ፣ የሮይስ ጥፋት የጠመንጃ ብቻ አይደለም። በየሠፈራችን መኪና ውስጥ ቀበቶ ያሰረውን «ፈሪ» እንለዋለን፤ «ውኃው ይፈላ» ያለችውን «ተመጻዳቂ» እንላታለን። ሰው ራሱን ለአደጋ የሚሰጠው ሳያውቅ ብቻ አይደለም፤ እያወቀም የእኛን ሳቅ ፈርቶ ነው። ሳቃችን ለእኛ ቀላል ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ነውና።

ቅዳሜ ሮይስ ኦርቪልን ክንዱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ አወረደውና ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሰዎቹን ሰብስቦ ያደረገውን ሳይሸፋፍን ነገራቸው። «ከእንግዲህ የሚጠብቅ ሰው ላይ የሚስቅ፣ መጀመሪያ ኦርቪልን ዓይን ዓይኑን ይይ» አለ።

ተኩሱ ተጀመረ። ተራው ደርሶ ሮይስ ቃታውን ሳበ፤ «ቀጭ» አለ። እጁ በለመደው መንገድ ወደ እጀታው ሮጠ፤ ግማሽ መንገድ ላይ አቆመውና መለሰው። አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳዞረ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው እግሩን አንፏቀቀ። ሮይስ ደቂቃ ይህን ያህል እንደሚረዝም ያወቀው ገና ያኔ ነው። አማቹ ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ዝምታ ብቻውን ችሎ እንደኖረ ሲገባው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ምን ሆነ? ለምን ዝም አላችሁ?» አለ ኦርቪል ከወንበሩ።

«እየጠበቅኩ ነው» አለ ሮይስ።

«ደግ። አይዞህ፣ አብሬህ እጠብቃለሁ።»