የዮዲን ኮምፒውተር ማን ገደለው?

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሲያበሩት ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ሦስቴ «ጢጥ» ይላል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ሆዱ ውስጥ የዮዲ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ ማስረከቢያው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ፍርዱማ አልቋል! ዮዲ «ሻይ ደፍቶበት ነው» ብላ ወንድሟን ፍቅሩን ካኮረፈችው ሁለት ቀኗ። እሱም መሮት፣ ገላን ሰፈር ያለ ጓደኛው ጋ ሊያድር ተነስቷል።

ከሳሪስ የተጠራችው የጥገና ባለሙያ ሐጀራ ክዳኑን እየፈታች «ማንም እንዳይወጣ» አለች። «ፍቅሩ፣ ሻይ ደፍተሃል?»

«አልደፋሁም።»

«ታዲያ ሰይጣን ነው?» አለች ዮዲ።

«መጨረሻ የሠራሽበት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ማታ። እሁድ አርፍጄ ስነሳ አልከፍት አለኝ።»

«እትዬ ብዙወርቅ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን!» አሉ እናትየው ነጠላቸውን እየነካኩ። «ስለሱ ምን አውቄ፣ ልጄ?»

ሐጀራ ውስጡ የደረቁትን ነጫጭ ጠብታዎች በጣቷ ዳሰሰች። ቀጥላ ስክሪኑ፣ ደብተሩ፣ ግድግዳው ላይ ሳይቀር ያንኑ ጠብታ አየች። ከዚያ እናትና ልጆቹን ቁጭ አስደረገቻቸው።

«ሻይ ቢሆን ስኳሩ ይጣበቅ ነበር፤ ይሄ ንጹህ ውሃ ነው። ጣሪያው አፍስሶ ቢሆን አንድ ቦታ ነበር የሚንጠባጠበው። ይሄ ግን አራቱንም ማዕዘን አዳርሷል። የረጨው ሰው አስቦ ነው የረጨው፣ ያውም በፍቅር። እኔ ሙስሊም ብሆንም አቃቂ ነው ያደግሁት፤ እሁድ ጠዋት በሃይላንድ ምን ተይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ጠበል ነው! እንዲቃናላት ብዬ... አልነሳ ሲልስ? ጠበል ገደለው ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? ልጄ ያለ ጥፋቱ ሲሰደብ ቁጭ ብዬ ሰማሁ!»

ሐጀራ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ነቅላ ዝገቱን በላጲስ ፈተገች፣ መሰኪያውን በብሩሽ ጠርጋ መለሰችው። አንድ «ጢጥ» ብቻ፤ ስክሪኑ በራ። ጽሑፉም አለ! ዮዲ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«አንድ ነገር ቀረኝ» አለች ሐጀራ፣ ሶፋው ላይ የታጠፈውን ብርድ ልብስ እያየች። «ፍቅሩ፣ እዚህ የምትተኛው አንተ ነህ። እሁድ ጠዋት አላየሃቸውም?»

«ነቅቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እማዬ ላይ ከምትጮህ እኔ ላይ ትጩህ ብዬ ነው።»

ዮዲ የምትገባበት ጠፋት። ወይዘሮ ብዙወርቅ ተነስተው ፍቅሩ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ እሱ አፈፍ አድርጎ ያዛቸው።

«ኧረ በእመቤቴ፣ እማዬ! ምን ነካሽ?»

«ልቀቀኝ» አሉ እያለቀሱ። «ልቀቀኝ፣ አንዴ እንኳን የሚገባኝን ላድርግ።»